ባሕር በዘጠና ስድስት ሊትር

ከተማችን አርባ ምንጭ ናት። በአንድ በኩል አባያ፣ በሌላ በኩል ጫሞ፣ ከመሃላቸው የእግዜር ድልድይ፤ ከጫካው ሥር ደግሞ ስሟን ያወጡላት ምንጮች አሉ። እንዲህ ባለች ከተማ ቁጭ ብሎ «ባሕር አማረን» ማለት ጠግቦ ማማረር ይመስላል። እኛ ግን አልን። ብለንም ዝም አላልንም። ሲቀላ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ የመስታወት ገንዳ አቁመን፣ ውሃውን የባሕር ውሃ አድርገን፣ ለስላሳ ኮራል የሚባለውን ፍጡር ለማስገባት እየተዘጋጀን ነው። እኛ ማለት ሁለት እህትማማቾች ነን። አንደኛችን በጋዜጠኝነት የተመረቀች፣ ሌላኛችን የውሃ ምህንድስና ተማሪ። ጋዜጠኛዋ ትጠይቃለች፣ መሐንዲሷ ትለካለች፤ ሂሳቡን እማዬ ትከፍላለች።

ነገሩም የእማዬ ነው። እማዬ አሰብ ተወልዳ አሰብ ያደገች ናት፤ አባቷ ወደቡ ላይ ይሠሩ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የ17 ዓመት ልጅ ሆና ከቤተሰቧ ጋር በጅቡቲ በኩል ወጣች። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አባታችንን አግብታ አርባ ምንጭ። እዚህ ስትኖር ከ25 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ አባያን ግን እስከ ዛሬ «ኩሬው» ነው የምትለው። ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነን ሐይቅ ኩሬ ሲሉት ብትሰሙ የአሰብ ሰው ነው በሉ።

በቴሌቪዥን ስለ ባሕር በር ሲወራ ድምፁን ትቀንሳለች። የናፈቃት ወደብ አይደለም፤ መርከብም አይደለም። ልጅ ሆና ውሃው ጉልበት በማይደርስበት ቦታ ጎንበስ ብላ ታየው የነበረ ነገር ነው። «መርጃን» ትለዋለች። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን «አበባ ይመስላል፣ ግን ይተነፍሳል» አለችን። ይቺ «ይተነፍሳል» ናት ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችው።

የሚተነፍስ አበባ ፍለጋ ስንገባ ዜኒያ የሚባል የኮራል ወገን ላይ ደረስን። ቀይ ባሕር ውስጥ ሞልቷል። እያንዳንዷ ፖሊፕ የወፍ ላባ የሚመስሉ ስምንት ክንዶች አሏት። ክንዶቹ እንደ ጨቅላ ልጅ እጅ ይከፈታሉ፣ ይጨበጣሉ፣ ይከፈታሉ፣ ይጨበጣሉ። ለምን? እ.ኤ.አ. በ2013 ኤላት አካባቢ በቀይ ባሕር ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች መልሱን አሳተሙ። ኮራሉ በሰውነቱ ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎች አሉት፤ እነሱ በብርሃን ምግብ ይሠሩለታል። ሲሠሩ የሚያወጡት ኦክስጅን አጠገባቸው ከተከማቸ ግን ሥራቸውን ያዳክመዋል። ክንዶቹ ሲጨበጡ ውሃውን ገፍተው ያንን ኦክስጅን ያባርራሉ። ስለዚህ እማዬ «ይተነፍሳል» ስትል ከሳይንሱ ብዙም አልራቀችም። ሳይንሱ የደረሰው ግን እሷ ጎንበስ ብላ ካየችው ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ለስላሳ ኮራል የተባለው እንደ ሌሎቹ የድንጋይ አጽም ስለማይሠራ ነው። ሥጋው ውስጥ የተበተኑ ደቃቅ የካልሲየም መርፌዎች ብቻ አሉት። ለጀማሪ የሚመከረውም ለዚህ ነው፤ ድንጋዩን የሚገነባው ዓይነት ካልሲየም በየጊዜው ካልጨመሩለት ያኮርፋል።

ወደ ሥራው እንግባ። ገንዳችን 60 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሲባዛ 96 ሊትር። ድንጋይ ሲገባበትና ከአፉ ዝቅ ብሎ ሲሞላ የሚይዘው ውሃ 80 ሊትር ገደማ ይሆናል። ሰፈራችን ያለ መስታወት ቆራጭ 8 ሚሊ ሜትር መስታወት ቆርጦ በሲሊኮን አጣበቀልን። ሲሊኮኑ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው መሆን አለበት፤ ፀረ ሻጋታ የተጨመረበት የመታጠቢያ ቤት ዓይነት ለእንስሳ መርዝ ነው። መስታወት ቆራጩ «ስንት ዓሣ ትከቱበታላችሁ?» ሲል ጠየቀን። «ዓሣ የለውም» አልነው። «ታዲያ ምኑ ነው አኳሪየም?» ብሎ የቀረውን መልስ ሳይሰማ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ማስቀመጫውን ብየዳ ቤት በቱቦላሬ አሠራን። ውሃ ቀላል ይመስላችኋል እንጂ 80 ሊትር የባሕር ውሃ ብቻውን 82 ኪሎ ነው፤ ከመስታወቱና ከድንጋዩ ጋር ከ100 ኪሎ ያልፋል። የሳሎን ቡፌ ላይ አይቀመጥም።

ከዚያ ጨው። «ጨውማ ኩሽናችሁ ሞልቷል» ያላለን የለም። የወጥ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ አዮዲን ተጨምሮበት። የባሕር ውሃ ግን ማግኒዚየም አለው፣ ካልሲየም አለው፣ ፖታሲየም አለው፣ የአሲድ መጠኑን የሚያረጋጋው ቢካርቦኔት አለው። በወጥ ጨው ብቻ የተበጠበጠ ውሃ ለኮራል ባሕር ሳይሆን ብሬን ነው። ስለዚህ ዱባይ ያለች ዘመዳችን ለአኳሪየም የተዘጋጀውን የባሕር ጨው በሻንጣዋ ይዛልን መጣች። አየር ማረፊያ ላይ ስለ ነጩ ዱቄት ምን እንደጠየቋት ሌላ ቀን እናወራላችኋለን። ልኩ በሊትር 35 ግራም ነው፤ ለኛ ገንዳ 3 ኪሎ ገደማ ሄደ።

ጨው ካነሳን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ኢትዮጵያ ኮራል የላትም የሚል ካለ አፋር ይውረድ። የደናክል ዝቅታ በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር የሚገባበት ሰላጤ ነበር፤ ባሕሩ ሲቆረጥ ውሃው ተንኖ ጨው ሆነ። በግመል ሲጓዝ የኖረው የአሳሌ አሞሌ የደረቀ ባሕር ነው ማለት ነው። በዝቅታው ዳርና ዳር ላይ ደግሞ የኮራል ቋጥኞች እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ 125 ሺህ ዓመት ገደማ የተቆጠረላቸው አሉ። ይህን ለእማዬ ስንነግራት ትንሽ አሰበችና «እነሱም ባሕሩ ጥሏቸው ሄደ በሉኛ» አለች።

የገንዳው ውሃ ከቧንቧ አይቀዳም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ከምንጭ ስለሚመጣም ከዓለቱ ይዞት የወረደ ማዕድን አለው። ለሰው ጤና ነው፤ ለኮራል ግን መጀመሪያውኑ ባዶ የሆነ ውሃ ይሻላል፤ የሚያስፈልገው ሁሉ ከጨው ጋር ይገባል። በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውሃ በጀሪካን እየገዛን ነው። የአርባ ምንጭ ልጆች ውሃ በጀሪካን ገዝተው፣ ጨው ከዱባይ አስመጥተው… አዎ፣ ጎረቤት ምን እንደሚል እናውቃለን።

ድንጋዩ ለጌጥ አይደለም። የገንዳው ኩላሊት ነው። ከምግብ ፍርፋሪና ከእዳሪ የሚወጣው አሞኒያ እንስሳ ይገድላል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ሌሎቹ ናይትራይቱን እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ነገር ላይ ነው። ከባሕር የመጣ ድንጋይ የለንም፤ ጨንቻ ገበያ ወጥተን ቀለምና ቅብ የሌለው፣ በደንብ የተተኮሰ የሸክላ ድስትና ገንቦ ገዝተን ሰባበርነው። ሻጯ ገዝተን ስንሰብር ብታየን ኖሮ ምን እንደምትለን እንጃ። የጋሞ ሸክላ ሠሪዎች እንኳን ለሸክላቸው ለራሳቸውም ክብር ሳያገኙ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ከመሬትም ከጋብቻም ተገልለው። ሥራቸው አሁን በ80 ሊትር ባሕር ውስጥ ዋናውን ቦታ ይዟል።

ባክቴሪያ እንዲራባ የሚበላው ይፈልጋል። የውጭ አገር ሰዎች አሞኒያ በጠርሙስ ይገዛሉ። እኛ አውራ ጣት የምታክል የቆሮሶ ቁራጭ ጣልንበትና ትበስብስ ብለን ተውናት። ሽታው ሁለት ሳምንት ከረመ። በየሦስት ቀኑ በጠብታ መመርመሪያ ስንለካ አሞኒያው ወጣ፣ ወረደ፤ ናይትራይቱ ወጣ፣ ወረደ፤ በስድስተኛው ሳምንት ሁለቱም ዜሮ ገቡ። ገንዳው አንድም የሚታይ ነገር ሳይኖርበት ሕያው ሆነ። ደስታችንን ለጎረቤት ለማስረዳት ሞክረን ነበር። «ባዶ ውሃ» አሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። ስለ ኮራል የሚጻፉት መመሪያዎች ከሞላ ጎደል የብርድ አገር ሰዎች ጽሑፍ ናቸው፤ «ማሞቂያ ግዙ» ብለው ይጀምራሉ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም የስምጥ ሸለቆ ልጅ ናት፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ቀትሩ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ለገንዳችን የምንፈልገው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ኮራል ከለመደው የበጋ ሙቀት አንድ ሁለት ዲግሪ ብቻ አልፎ ለሳምንታት ከቆየ ውስጡ ያሉትን አልጌዎች ያባርራል። ቀለሙም ምግቡም ከእነሱ ነውና ነጭ ሆኖ ይራባል። ይህ የሳሎን ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ሳይንቲስቶች አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መድረሱን አስታወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደይ ወራት ደግሞ ከዓለም የኮራል ሪፎች 84 በመቶ ያህሉን የሚያነጣ ሙቀት እንዳገኛቸው ተቆጠረ።

መፍትሔያችን ቬንትሌተር ነው። ነፋሱ በውሃው ፊት ላይ ሲነፍስ ውሃው ይተናል፣ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይቀንስልናል። ዋጋው ውሃ ነው፤ በሙቀቱ ቀን ሁለት ሊትር ያህል ይጎድላል። የጎደለው የሚተካው በጨው ውሃ ሳይሆን በንጹሕ ውሃ ነው፤ ምክንያቱም ጨው አይተንም፣ እየከረረ ይቀራል። ይህን ስናደርግ ጫሞን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርን። ኩልፎና ሌሎቹ ወንዞች ይገቡለታል፤ አብዛኛውን ጊዜ መውጫ የለውም፤ ውሃው የሚሄደው ወደ ላይ ነው። ማዕድኑ ይቀራል። ጫሞ ማንም ውሃ የማይቀይርለት ትልቅ ገንዳ ነው። የአባያ ቀይነት ደግሞ ተሟጥጦ የሚወርድ አፈር ነው። ኮራል በብርሃን የሚኖር ነውና ባሕር ውስጥም ቢሆን አፈር የሚያወርድ ወንዝ አፍ ላይ አይመቸውም። ከበላያችን ያሉት የጋሞ ተራሮች እርሻ ጉዳይ እዚህ ሳሎን ድረስ ገብቶ ያነጋግረናል።

ሙቀቱን እንደምንም ቻልነው። መብራቱስ? መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም ውሃው ይተኛል፤ የተኛ ውሃ በሌሊት ኦክስጅኑን ይጨርሳል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ገዝተናል፤ በአንድ ቻርጅ ስምንት ሰዓት ይቆያል። ከስምንት ሰዓት በላይ ቢሄድስ ብለን ስንጨነቅ ሁለት የድሮ ሰዎች አጽናኑን።

አንዷ አና ታይን ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1846 ከእንግሊዝ ጠረፍ ኮራሎች ይዛ ለንደን ገባች። ፓምፕ የለም፣ መብራት የለም። የቤት ሠራተኛዋ በየቀኑ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ በተከፈተ መስኮት ፊት ቆማ ውሃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጠች አየር ታስገባለት ነበር። ኮራሎቹ ዓመታት ኖሩ። ታሪኩ የሚነገረው በእመቤቲቱ ስም ነው፤ ክንዱ የዛለው ግን የሌላ ሰው ነው። ሁለተኛው ሊ ቺን ኤንግ የሚባል የጃካርታ ሰው ነው። እንደኛ በሙቀት አገር የሚኖር። እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ ሕይወት ያለው የባሕር ድንጋይ፣ የአየር አረፋና ብርሃን ብቻ ተጠቅሞ የባሕር ገንዳ እንዴት እንደሚያኖር አሳየ። ውድ ማሽን ለሌለው ሰው እንደሱ ጽሑፍ የሚያስደስት የለም።

ኮራሉ ከየት ይመጣል? እማዬ መጀመሪያውኑ «ከባሕር ነቅላችሁ እንዳታመጡ» ብላናለች። መንቀልም አያስፈልግም። ለስላሳ ኮራል እንደ እንሰት ነው። ዶርዜዎች የእንሰቱን ሥር ቆርጠው ቀብረው ከአንዱ ብዙ ችግኝ እንደሚያወጡ ሁሉ፣ የኮራሉን ቁራጭ በምላጭ ለይቶ ድንጋይ ላይ ቢያሳርፉት ይይዛል፣ ይበዛል። በሰው ቤት ከእናት ገንዳ የተቆረጠ ችግኝ ባሕሩን አይነካውም። ሕጉም አለ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል የሆነችበት የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ድንጋይ ሠሪዎቹ ኮራሎች ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገሩ ያዛል። ዜኒያን የመሰሉት አብዛኞቹ ለስላሳዎች ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ቢሆንም ወረቀት ያለው ሻጭ እንፈልጋለን ብለን ለዘመዳችን አስጠንቅቀናታል። ዞዋንተስ የሚባሉትን፣ ቀለማቸው የሚያሳብደውን፣ ደግሞ ጨርሶ ሰርዘናል። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 እንግሊዝ ውስጥ ገንዳ ሲጸዳ በተነሣ መርዝ አንድ ቤተሰብ ሆስፒታል ገብቷል። እማዬ እጇን ውሃው ውስጥ ሳትከት አታድርም፤ ስለዚህ ክርክር የለውም።

ክርክር ያለን በሌላ ነገር ነው። ኮራል ብዙ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትናንት የነበረው ዛሬም እንዲኖር ብቻ ነው። ያው ሙቀት፣ ያው ጨው፣ ያው ብርሃን። እኛ አገር ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ የለም። መሐንዲሷ «ቁጥሮቹ ይሆናሉ ይላሉ፣ እናምጣ» ትላለች። ጋዜጠኛዋ የምትፈራው ቁጥሩን አይደለም። እማዬ አንድ ባሕር በአንድ ሰሞን አጥታለች። ሁለተኛው ሳሎኗ ውስጥ፣ ዓይኗ እያየ ቢነጣስ? ለደስታ ብለን ያመጣነው ነገር መልሶ የሚያስለቅሳት ከሆነ ባዶው ውሃ አይሻልም ወይ? በዚህ ላይ ሁለት ሌሊት ተከራክረናል። እማዬ ሰምታን ኖሯል። «እኔ ስወጣ ማንም አልጠየቀኝም። አሁን ጠይቁኝ እንጂ» አለች። ጠየቅናት። «አምጡት» አለች፤ ቀጥላም «ግን መጋቢት ይለፍ» አለች። ከሁለታችንም የተሻለ መሐንዲስ ሆና ተገኘች።

ስለዚህ እየጠበቅን ነው። የደብተሩ ኃላፊ እማዬ ናት። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሙቀቱን ትጽፋለች፤ መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ትጽፋለች። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የውሃ መንቆርቆር ሰምተን ብንነሣ፣ በሻማ ብርሃን ገንዳው አጠገብ ቆማ በጆግ እየቀዳች ከፍ አድርጋ ስትመልስ አገኘናት። ባትሪው ገና ነበረው። «እጄን ላፍታታ ብዬ ነው» አለች።

አንድ ነገር ረሳን። ጨዉን መጀመሪያ የበጠበጥን ቀን ጣቷን ከባልዲው ነክራ ቀምሳ «የኛ ይበልጣል፣ ይሄ ቀጥኗል» ብላ ነበር። ስቀንባት ነበር። ኋላ ስናነብ ለካ የውቅያኖስ አማካይ በሊትር 35 ግራም ይሁን እንጂ ቀይ ባሕር ይከርራል፤ በሰሜን 40 ገደማ፣ በደቡብ አሰብ ባለበት 37 ገደማ። ምላስ ሁለት ግራም ይለያል ብለን ግን አላመንንም። ባለፈው እሑድ ለቅያሪ የሚሆን አዲስ ባልዲ በጠበጥን። እንደ ልማዷ ቀመሰች። «ይሄ ይሻላል» አለች። 37 ማድረጋችንን አልነገርናትም ነበር።